አብረው የሚሸነፉበት የልብስ ጨዋታ

ባለፈው ወር ከአንድ የተማሪዎች ሥራ ማሳያ ላይ በ700 ብር የገዛሁት ጨዋታ ሳጥን የለውም። በሳጥን ፋንታ የተሰጠኝ ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ እግር ተቆርጦ የተሰፋና አፉ በጫማ ክር የሚታሰር ከረጢት ሲሆን፣ ሲፈታ ከውስጡ ዙሪያው የተዘመዘመ አቡጀዲ፣ 72 ካርዶች፣ የሸሚዝና የካፖርት ቁልፎች እንዲሁም በአራት የታጠፈ የመመሪያ ወረቀት ይወጣል። አቡጀዲው የመጫወቻው ሰሌዳ ነው፤ ቁልፎቹ ደግሞ እንደየመጠናቸውና እንደየቀለማቸው ገንዘብ፣ ውኃና ተጫዋች ይሆናሉ። የሠሩት የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ዲዛይን ትምህርታቸውን በመጨረስ ላይ ያሉ አምስት ተማሪዎች ናቸው። ስም ገና አላወጡለትም፤ በከረጢቱ ላይ በነጭ ክር የተጠለፈው «ከ2 እስከ 5 ሰው፣ ዕድሜ ከ10 ዓመት በላይ፣ 45 ደቂቃ» የሚል ብቻ ነው። ስለ ጨርቅ ሆኖ በመተባበር በሚጫወቱት ጨዋታ ላይ «ድር ቢያብር» የሚለው ተረት አንድም ቦታ ሳይጻፍ መቅረቱን እኔ በበኩሌ እንደ ጥሩ ጅምር ቆጥሬላቸዋለሁ።

ጨዋታው የሚያስተምረው ስለ ልብስ አመራረጥ ነው፤ ምን ቢገዛ፣ ምን ቢጠገን፣ ምን ለታናሽ ቢተላለፍ፣ ምን ደግሞ ጨርሶ ቢቀር እንደሚሻል፣ የእያንዳንዱም ውሳኔ ዋጋ በኪስ ላይ ብቻ ሳይሆን በውኃና በቆሻሻ ላይ እንዴት እንደሚቆጠር ያሳያል። ይህን ጉዳይ የሚያነሡ ጽሑፎችና ፖስተሮች ጠፍተው አያውቁም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚናገሩት ብቻውን ሱቅ ገብቶ፣ ብቻውን መርጦ፣ ብቻውን ከፍሎ ለሚወጣ ሰው ነው። ተማሪዎቹ ግን ልብስ በእኛ ቤት እንዴት እንደሚገዛ ያውቃሉ። የበዓል ልብስ ለአንዱ ልጅ ተገዝቶ ለሌላው አይቀርም፤ የሠርግ ልብስ በሚዜዎች ስምምነት ይመረጣል፤ የታላቁ ሹራብ ለታናሹ ይደርሳል፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዕቁብ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚሸናነፉበት ሳይሆን አብረው የሚያሸንፉበት ወይም አብረው የሚሸነፉበት መሆኑ ለጌጥ የተመረጠ ዘዴ ሳይሆን ከጉዳዩ ከራሱ የወጣ ነው። እኔ እንደ ተረዳሁት የጨዋታው ጥንካሬ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ የሚደክመውም ይህን ረስቶ ወደ ስብከት በሚገባባቸው ቦታዎች ላይ ነው።

በሰሌዳው ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13 ቤቶች በክብ ተደርድረዋል። ተጫዋቾቹ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ሲሆኑ ልብስ ሰፊ፣ ልዋጭ ነጋዴ፣ እማወራ፣ ተማሪና የሰልባጅ ነጋዴ ሆነው ዓመቱን አብረው መዝለቅ አለባቸው። እያንዳንዱ ወር አንድ ዙር ነው፤ በየዙሩ አንድ ተጫዋች ሁለት ሥራ መሥራት ይችላል፤ በጳጉሜን ግን የሚፈቀድለት አንድ ብቻ ነው። ወሮቹ የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። መስከረም ዩኒፎርምንና የእንቁጣጣሽን ልብስ በአንድ ላይ ይዞ ይመጣል፤ ጥር የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሹራብና ጃኬት ከመጠየቃቸውም በላይ ልብስ ማድረቅ ብቻውን አንድ ሥራ ይወስዳል። የዒድ ካርድ ግን ከማንኛውም ወር ጋር አልታሰረም፤ የሂጅራ አቆጣጠር በጨረቃ የሚሄድ በመሆኑ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ካርዱ ከሌሎቹ ጋር ተበውዞ በወጣበት ወር ይከበራል። የለቅሶ ካርድም እንዲሁ ሳይጠሩት ይመጣል። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን የሌላ አገርን ጨዋታ ተርጉሞ ያመጣ ሰው ሊያስባቸው የማይችሉ ናቸው።

ከሁሉ የወደድኩት የጥምቀት ካርድ ነው። በካርዱ ላይ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ተጽፏል፤ እኔም ይህን ሳይ ተማሪዎቹ ተረቱን ከነባህሉ ሊወቅሱት ነው ብዬ ነበር። አልወቀሱትም። ካርዱ ከእያንዳንዱ ተጫዋች የሚጠይቀው «አዲስ» ልብስ ሳይሆን «ያልታየ» ልብስ ነው። የእናት ቀሚስ ጥበቡ ተፈትቶ በሌላ ሸማ ላይ ቢሰፋ ያልታየ ይባላል፤ ከጎረቤት የተዋሱትም፣ ቀለም ያስገቡትም እንዲሁ። በአንድ ቃል ለውጥ ብቻ የበዓሉን ደስታ ሳይነኩ ጥያቄውን ከመግዛት ወደ መፍጠር አዙረውታል፤ በጠረጴዛችንም ረጅሙና በሣቅ የተሞላው ክርክር የተካሄደው ማን የማንን ቀሚስ ይዋስ በሚለው ላይ ነበር።

መሸነፊያዎቹ ሦስት ናቸው። የጋራው የውኃ ቁልፎች ካለቁ፣ የቆሻሻው ክምር ከላይኛው መስመር ከደረሰ፣ ወይም በአንድ በዓል አለዚያም በአንድ ለቅሶ ላይ ከግቢው ሁለት ሰዎች የሚለብሱት አጥተው ቤት ከቀሩ ጨዋታው ያበቃል። ሦስተኛው ባይኖር ኖሮ ይህ ጨዋታ ምንም ባለመግዛት ብቻ የሚያሸንፉበት ደረቅ ነገር ይሆን ነበር። ሰው በልብሱ ምክንያት ከሰው ፊት መሸሽ እንደሌለበት፣ ክብርም ከውኃና ከገንዘብ እኩል የሚቆጠር መሆኑን በሕጉ ውስጥ ማስገባታቸው ትልቅ ማስተዋል ነው።

የጨዋታው ሞተር ዕቁብ ነው። በየወሩ መጀመሪያ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የገንዘብ ቁልፍ ይጥላል፤ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰውም ሁሉን ጠቅልሎ ይወስዳል። እንደ እውነተኛው ዕቁብ ሁሉ ባለዕጣው ፈቃዱ ከሆነ ለባሰበት ሰው ሊለቅለት ይችላል። አስቸጋሪው የባሰበት ማን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ተጫዋች በየሦስት ወሩ አንድ «የገበና ካርድ» ይስባል፤ በካርዱ ላይ የቤቱ ችግር ተጽፏል፤ ችግሩንም በግልጽ መናገር አይፈቀድም።

በመተባበር የሚጫወቱ የሰሌዳ ጨዋታዎች አንድ የታወቀ በሽታ አለባቸው። ነገሩ ቶሎ የገባው አንዱ አዛዥ ይሆንና ሌሎቹ እሱ ባለው መሠረት ቁልፍ የሚገፉ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና ይህን ዓይነት ጨዋታ በብዙ አገር ያስለመደው የማት ሊኮክ «ፓንደሚክ» እንኳ ከዚህ ወቀሳ አላመለጠም። የተማሪዎቹ መድኃኒት የገበና ካርድ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራም በገዛ ቤቴ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ምሽት የተጫወትነው እኔ፣ ታላቅ እህቴ፣ የ12 ዓመት ልጇ፣ አክስታችንና ከግቢያችን በር ላይ ልብስ የሚሰፉት ጎረቤታችን ሆነን ነው። እህቴ መመሪያውን አንብባ ስትጨርስ አዛዥነቱን ያለ ምርጫ ያዘችው። በጥቅምት ዕጣው ለአክስታችን ሲወጣ «እትዬ፣ ለልጆቹ ጫማ ይልቀቁልን፤ የእርስዎ ቤት እኮ ምንም አልጎደለበትም» አለቻቸው። አክስታችን ካርዳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ልጄ፣ የቤት ነገር ሁሉ አደባባይ አይወጣም፤ ይህን ወር ተዉልኝ» ብለው ገንዘቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ካርዱ በመጨረሻ ሲገለጥ የተጻፈበት «ባለቤትዎ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚለብሱት የላቸውም» የሚል ነበር። እህቴ ከዚያ በኋላ ከማዘዝ ይልቅ መጠየቅ ጀመረች፤ ጨዋታውም ያን ጊዜ ጨዋታ ሆነ።

ያን ምሽት ግን ግንቦት ላይ ተሸነፍን። ከረጢቱ 45 ደቂቃ ቢልም እኛ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጅቶብናል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ ሃያው ደቂቃ ያለቀው ቁልፍ ያጣ ሰው ዕቁብ ሳይጥል ቢቀር ምን እንደሚሆን በመመሪያው ላይ ስንፈልግ ነው። አልተጻፈም። ጋሼ ልብስ ሰፊው «ዋስ ይጥራ» ብለው ፈረዱ፤ ፍርዱ ጥሩ ስለነበር እስከ ዛሬ በዚያው እንጫወታለን፤ ተማሪዎቹም በሚቀጥለው እትማቸው ቢያስገቡት አያፍሩበትም።

ስለ ልዋጭና ስለ ሰልባጅ የተሠሩት ካርዶች ደግሞ ከነጉድለታቸውም ቢሆን የሚደነቁ ናቸው። ልዋጩ ሦስት አሮጌ ልብስ ተቀብሎ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል፤ ልብሶቹ ከቆሻሻው ክምር ይድናሉ፤ ሳፋው ግን ከአራት ወር በኋላ ይሰነጠቅና ራሱ ወደ ክምሩ ይገባል። በየሰፈሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እየተባለ የሚካሄደው ንግድ አሮጌ ልብስን ወደ ሌላ ለባሽ የሚያሻግር ትልቅ አገልግሎት እንደሆነ፣ የሚተወው ነገር ደግሞ ፕላስቲክ መሆኑን በአንድ ካርድ ማሳየት ቀላል አይደለም። የሰልባጁ ካርድ የሚሠራው ደግሞ እጅን ወደ ከረጢት ከትቶ ሳያዩ አንድ ቁልፍ በማውጣት ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ውኃ ሳይፈጅ የተገኘ ጠንካራ ልብስ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ወዲያው የሚጣል ነው። ነጋዴው ቦንዳውን ሳይፈታ ስለሚገዛ በውስጡ ያለውን አስቀድሞ እንደማያውቅ ለሚያስተውል ሰው ይህ በጣም እውነት ነው። ሆኖም ያገለገለ ልብስ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ መሆኑን፣ በገበያ ላይ የምናየውም በአብዛኛው በኮንትሮባንድ የሚገባ እንደሆነ ጨዋታው አንድም ቦታ አያነሣም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰልባጅ ላይ ቀረጥ ስትጨምር አሜሪካ በ2018 በአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ በሚያስገቡበት ሕግ፣ የሰጠቻትን የልብስ ዕድል እንዳገደችባት ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ሰልባጅ የኪስና የውኃ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በአገሮች መካከልም የሚያጣላ ጉዳይ ነው። የኬላ ካርድ አንድ ብቻ ቢጨመር ይህ ሁሉ ይገባ ነበር።

ትልቁን ስሕተት ያገኘነው በሁለተኛው ምሽት ነው፤ ያገኘውም የእህቴ ልጅ ነው። በጨዋታው ሕግ ማንኛውም የጥጥ ልብስ ሲገዛ ሦስት የውኃ ቁልፍ ይከፈላል፤ የፖሊስተር ልብስ ሲገዛ ግን ምንም አይከፈልም፤ ዋጋውም ግማሽ ነው፤ ወደ ቆሻሻ የሚገባውም ሲጣል ብቻ ነው። ልጁ ይህን አይቶ ግቢውን በሙሉ ከእግር እስከ ራስ ፖሊስተር አለበሰን፤ ምንም ሳንጥል ጳጉሜን ላይ ደረስን፤ አሸነፍንም። ለጥምቀት እንኳ የጥበብ ሥዕል የታተመበትን የፋብሪካ ቀሚስ ገዝተን «ያልታየ» ተባለልን። ስለ ልብስና ስለ አካባቢ ሊያስተምር የተሠራ ጨዋታ ነዳጅ ዘይት አልብሶ የሚያሸልም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ክር ከግማሽ በላይ የሆነው ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ከመሆኑም በላይ በታጠበ ቁጥር ለዓይን የማይታዩ ብናኝ ክሮችን ከውኃው ጋር ይለቃል፤ ቢጣልም እንደ ጥጥ በቶሎ አይበሰብስም። ይህን ተማሪዎቹ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት አያጠራጥርም፤ ችግሩ ያለው ሰሌዳው ላይ ጉዳትን የሚለኩበት መስመር ውኃና ክምር ብቻ በመሆኑ ነው። በየእጥበቱ የሚከፈል አንድ ትንሽ ቁልፍ ቢኖር የልጁ ዘዴ እስከ ታኅሣሥም አይዘልቅም ነበር።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉድለት የሸማኔ አለመኖር ነው። ልብስ ሰፊ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ እማወራ አለች፤ ድርና ማግ አገናኝቶ ጨርቁን የሚያወጣው ሰው ግን በግቢው ውስጥ አይኖርም። ሽሮ ሜዳ ወጣ ብሎ የሸማኔዎቹን ሥራና የታተመውን የፋብሪካ ቀሚስ ጎን ለጎን ተሰቅለው ያየ ሰው ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይገነዘባል። ጋቢ ለዓመታት ይለበሳል፤ ሲያረጅ የሕፃን መታቀፊያ፣ በመጨረሻም የቤት መወልወያ ይሆናል፤ ይህን የመሰለ ረጅም ዕድሜ የሚያሳይ ካርድ ከ72ቱ መካከል አጥቼ አዝኛለሁ።

ስለ ጥገና ካርዶች ከእኔ ይልቅ ጋሼ ልብስ ሰፊው የተናገሩት ይበልጣል። በጨዋታው ማንኛውም ጥገና አንድ የገንዘብ ቁልፍ ያስከፍላል። እሳቸው ካርዶቹን አንድ በአንድ እያዩ «ዚፕ መቀየርና ጫፍ ማጠፍ በአንድ ዋጋ? ገበር መቀየርስ? ይህን የሠራው ሰው መኪና ላይ ተቀምጦ አያውቅም» አሉ። ተማሪዎቹ መኪና ላይ እንደሚቀመጡ አስረዳኋቸው፤ አልተቀበሉኝም። ነገሩ የሙያ ኩራት ብቻ አይደለም። ሰዎች ልብስ ከማስጠገን የሚሸሹት ብዙ ጊዜ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ርካሽ ልብስ ዋጋ ጋር ስለሚቀራረብ ነው፤ ጨዋታው ሁሉንም ጥገና እኩል ርካሽ ሲያደርገው ከሁሉ የሚከብደውን ምርጫ አውጥቶ ይጥለዋል ማለት ነው። ደግሞም በጨዋታው የተሰጠ ልብስ በዚያው ዙር ተሰፍቶ ይመለሳል፤ በዓል ሲቃረብ ልብስ ሰፊ ቤት የተመላለሰ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በአንጻሩ ልብስን ፈትቶ እንደገና ክር የማድረጉ ካርድ በጣም ደካማ ሆኖ መሠራቱን አደንቃለሁ። ካርዱ አሥር ልብስ ተቀብሎ የሚመልሰው ምንም ያህል አይደለም፤ የእህቴ ልጅም «ይህ ካርድ ተበላሽቷል» ብሎ ነበር። አልተበላሸም። ዕቃን ደጋግሞ መጠቀምን የሚያበረታታው የኤለን ማካርተር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ መሠረት ለልብስ ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ጥጥና ፖሊስተር ተደባልቀው የተፈተሉበትን ጨርቅ መለየት ከባድ ነው፤ ጥጥም በማሽን ሲፈታ ክሩ እያጠረ ይሄዳል። ብዙ ማስታወቂያ የሚያራግበውን ይህን መፍትሔ ተማሪዎቹ በልኩ አስቀምጠውታል።

ጨዋታው የሚደክምበት ሌላው ቦታ «ይህን ያውቃሉ?» የሚል ርእስ ያላቸው 12 ካርዶች ናቸው። ሲወጡ ሁሉም ሰው እጁን አጥፎ እንዲያዳምጥ፣ አንዱም ጮክ ብሎ እንዲያነብ መመሪያው ያዛል፤ ጨዋታው ቀጥ ይላል፤ ክፍል ውስጥ የገባን ይመስለናል። ከመካከላቸው የታወቀው አንድ የጥጥ ቲሸርት ለመሥራት 2700 ሊትር ውኃ ይፈጃል የሚለው ነው። ተማሪዎቹ ይህን በሃያ ሊትር ጀሪካን አስልተው 135 ጀሪካን ሲያደርጉት አሃዙ ሥጋ ይለብሳል፤ አክስታችን «ይህን ሁሉ ማን ተሸከመው?» ብለው በእውነት ደንግጠዋል። ድንጋጤው ግን ወደ ተሳሳተ መንገድ ይወስዳል። ይህ አሃዝ የዓለም አማካይ ነው፤ አብዛኛው ውኃም የሚጠፋው በእርሻ ላይ ነው፤ ጥጡ በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ ሲለማና በመተማ ወይም በሁመራ በኩል ዝናብ ጠብቆ ሲበቅል ትርጉሙ አንድ አይደለም። ካርዱን የሚያነብ የአዲስ አበባ ልጅ ቲሸርቱን ባይገዛ በፈረቃ የሚመጣው የቧንቧ ውኃ የሚበዛለት ይመስለዋል። ጥጡ የት እንደ በቀለ የሚገልጽ አንድ መስመር ቢጨመርበት ካርዱ ከማስደንገጥ አልፎ ያስተምር ነበር።

የዩኒፎርሙ ካርድም መታረም ይኖርበታል። መስከረም ላይ እያንዳንዱ ቤት ዩኒፎርም እንዲገዛ ያስገድዳል፤ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒፎርም የሚቀርበው በከተማው አስተዳደር በነፃ ነው። ካርዱ የግል ትምህርት ቤትን ወይም ሌላ ከተማን አስቦ ከሆነ ይህንኑ ይግለጽ።

አንድ ነገር ግን እንዲቀየር ተማሪዎቹን በቀጥታ ጠይቄአቸዋለሁ። የቆሻሻው ክምር በሰሌዳው ላይ በአዲስ አበባው ትልቅ የቆሻሻ መጣያ ስም «ቆሼ» ተብሎ ተሰይሟል፤ ከላይኛው መስመር ሲደርስ ደግሞ መመሪያው «ክምሩ ተናደ፤ ሁላችሁም ተሸነፋችሁ» ይላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በእርግጥ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ በሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ ሕይወታቸው አልፏል። ቃሉን የጻፈው ተማሪ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር፤ ክፋት እንዳላሰበበትም ይገባኛል። ነገር ግን ከአካባቢው ሰፈሮች፣ ከአየር ጤና ወይም ከዘነበ ወርቅ የመጣ ሰው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይህን ቃል ጮክ ብሎ እንዲያነብ መጠበቅ አይገባም። ለወቀሳዬ ያለ ክርክር እሺ ብለውኛል፤ በእኔ ሰሌዳ ላይ ያለውን ስም ለጊዜው በነጭ ጨርቅ ጥፌበታለሁ።

ስለ አሠራሩ ብዙ የሚባል የለም። የአቡጀዲው ሕትመት ጥሩ ነው፤ ቡና ፈስሶበት ታጥቦ አልለቀቀም። ካርዶቹ ስስ በመሆናቸው ከሦስት ጨዋታ በኋላ ጫፋቸው ተጠቅልሏል፤ ፊደሉም ለአክስታችን ዓይን በጣም ደቅቋል። ቡናማውና ጥቁሩ የገንዘብ ቁልፍ መብራት ሄዶ በሻማ ስንጫወት ፈጽሞ አልለይ ብሎን አንድ ሙሉ ዕቁብ ተምታቶብናል። ሦስት ሰው ሲሆኑ ዕቁቡ ትንሽ ስለሚሆን ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ በአምስት ሰው ግን በጣም ይደምቃል።

ታዲያ 700 ብር ያወጣል ወይ ለሚለኝ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ልጆች ላሉት ቤት ያወጣል፤ ለክፍል መምህር ደግሞ የፖሊስተሩ ሕግ እስኪታረም ድረስ እንዲታገሥ፣ ወይም እኛ እንዳደረግነው ለእያንዳንዱ የፖሊስተር ልብስ በየወሩ አንድ የውኃ ቁልፍ እንዲያስከፍል እመክረዋለሁ። በዚህ ሕግ ሁለት ጊዜ ተጫውተን አንድ ጊዜ ተሸንፈናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በጳጉሜን የመጨረሻ ሥራ ተርፈናል። ያን ምሽት የእህቴ ልጅ እየዘለለ «ማን አሸነፈ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሁላችንም ብንለው አላመነም፤ የሁሉንም ልብስ ቆጥሮ በመጨረሻ አሸናፊዋ አክስቴ ናቸው ብሎ ወሰነ።

ሁለተኛውን እትም ተማሪዎቹ ገና አላተሙም። እኔም ለጊዜው ጨዋታውን ለማንም ማዋስ አልቻልኩም፤ የጂንሱ ከረጢት ስፌት በሦስተኛው ሳምንት ተተርትሮ ቁልፎቹ ሲበተኑ ጋሼ ልብስ ሰፊው «ይህማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» ብለው ይዘውት ሄደዋል። ከሄዱ አሥራ አንድ ቀን ሆኗቸዋል። ትናንት በበራቸው ሳልፍ ከረጢቱ በመኪናቸው ጎን ከተቆለሉት ሱሪዎች በታች ተጨፍልቆ ይታየኛል፤ እሳቸውም ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ «ነገ ና» አሉኝ።